መልስ የሚጠብቅ ወረቀት

ስሙኝማ! ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከጅጅጋ ተነስታችሁ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን ተሻግራችሁ ስትዘልቁ ሐርጌሳ ትገባላችሁ። የዛሬው ጨዋታ ስለ ደብዳቤ ነው፤ ከዚያ መጀመሬም ያለ ነገር አይደለም። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ በይፋ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት የተማረው በዓረብኛ ይጻጻፋል፤ እንደ ኦስማንያ ያሉ አገር በቀል ፊደላትም ነበሩ። አብዛኛው ሰው ግን ወረቀትም ቀለምም አላሻውም። ደብዳቤው ግጥም ነው፤ ፖስተኛው ግጥሙን በቃሉ የያዘ መንገደኛ።

«መንገደኛው በመንገድ ላይ ቢለውጠውስ?» የሚል አይጠፋም። አይችልማ! የሶማሊኛ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በየስንኙ በአንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል ይፈልጋል። በ«ደ» የተነሳ በ«ደ» ይዘልቃል። አንዷን ቃል አውጥታችሁ ሌላ ብትሰነቅሩ ሰሚው ወዲያው ይነቃባችኋል። የደብዳቤ ማኅተም እንደ ማለት ነው፤ ከተነካ ያስታውቃል።

በነሐሴ 1913 እ.ኤ.አ. ዱል መዶባ በተባለ ስፍራ የሶማሌው መሪ የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ተዋጊዎች የእንግሊዙን የግመለኛ ጦር አዛዥ ሪቻርድ ኮርፊልድን ገደሉት። ሰይዱ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለሟቹ ግጥም ገጠመለት! ወዲያኛው ዓለም ስትደርስ ይህን ይህን ብለህ ንገርልኝ እያለ የሞተውን ሰው መልእክተኛ አደረገው። መልሱ እስካሁን አልመጣም።

መልስ የመጣበትንም ልንገራችሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. ጋሪዬ በሚል ስም የሚታወቀው ገጣሚ መሐመድ ሐሺ ዳማዕ ጎሰኝነትን የሚነቅፍ ግጥም በ«ደ» አወጣ። ሌላው ገጣሚ ሐድራዊ ገባበት፤ ሌሎችም እየተከታተሉ ገቡ፤ ሁሉም በዚያው በ«ደ»። የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት በሬዲዮ እንደማያሰማው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ይህ የግጥም ምልልስ «ዴሌይ» ይባላል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ሐርጌሳ በአየር ስትደበደብ የከተማው ሰው የሬዲዮ ጣቢያውን ካሴቶች ከመሬት ቀብሮ አተረፋቸው። ሰው ቤቱ እየነደደ ካሴት ይቀብራል!

እኛስ? እኛማ ወረቀት ነበረን፤ የወረቀት ጣጣም ነበረን።

ጥቅምት 1855 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ አስጻፉ። ንጉሡ ይናገራል፣ ጸሐፊው በቀለምና በሸምበቆ ብዕር ይከትባል፣ ማኅተም ይመታበታል። ደብዳቤው ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ተሰጠ። ካሜሮን ራሱ ይዞት መሄድ ሲገባው በሰው ልኮት ወደ ሱዳን ጠረፍ አቀና። ወረቀቱ ለንደን ደረሰ፤ ደርሶም ከአንድ ጥግ ተጣለ። አንድ ዓመት አለፈ፤ መልስ የለም። ንጉሡ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን በሰንሰለት አሰሩት። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው መልእክተኛ ራሳም ንጉሡ ፊት የቀረበው ጥር 1858 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ተበላሽቷል። ቀጥሎ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ ወታደር አሰልፎ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሆነ የሆነው።

ጦርነቱን ያመጣው ደብዳቤው ብቻ ነው የምል እንዳይመስላችሁ፤ የካሜሮን የሱዳን ጉዞም፣ የአውሮፓውያኑ ሽኩቻም አለበት። ግን አንድ ነገር እላለሁ። ለንደን ያሉት ሹማምንት ያዩት አንድ ተራ ወረቀት ነው። እዚህ ያሉት ንጉሥ የላኩት ግን ቃላቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ሰላም ያሉት ሰው ዝም ካለ ዝምታው ራሱ መልስ ነው፤ ያውም ስድብ።

ደብዳቤ አመላለሱንም ልብ በሉ። ፖስታ ቤት ከመምጣቱ በፊት መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ያየው ሁሉ መልእክተኛ መሆኑን ያውቃል፤ የሚነካው የለም። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ፖስታን በአዋጅ አቋቋሙ። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ፤ ሞልዱን የቀረጸው ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ዓይነት ናቸው፣ ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ፤ በከፊሉ የንጉሡ መልክ፣ በከፊሉ አንበሳው። በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፤ በትሩም አረፈ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የሁላችን ሆነ። መቼስ አጻጻፉን ታውቁታላችሁ፤ «ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ካለህበት ቦታ» ይላል፤ ሰላምታው ብቻ ገጹን ያጋምሰዋል። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እገሌም ሰላም ብሎሃል፣ እገሊትም ሰላም ብላሃለች። ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ብር ላክልኝ፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ገጠር ውስጥ አንባቢው ተማሪ ልጅ ነው፤ ሰላምታውን ሊዘለው ቢሞክር እናት አትለቀውም። «የእኔን ስም ያነሳበትን እስቲ ድገመው!» ትላለች። ይደግመዋል፤ ነገም ተጠርቶ ይደግመዋል።

የፍቅር ደብዳቤማ ሌላ ዓለም ነው። የወረቀቱ ጠርዝ በክብሪት ጠቆር ተደርጎ ይቃጠላል፣ ሽቶ ይርከፈከፍበታል፣ በቀይ እስክሪብቶ ቀስት የወጋው ልብ ይሳላል፤ ከልቡ የሚንጠባጠበው ደም እንኳ አይረሳም። ፊደሉ ያማረለት ልጅ ለሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ይጽፍ ነበር። አንድ እጅ ጽሑፍ ለሦስት ልጃገረዶች የደረሰበት ሰፈር እንደነበረ አትጠራጠሩ።

እጃችንን በወረቀት ላይ ያስፈታን ግን እንቁጣጣሽ ነው። ልጃገረዶቹ አበባአየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ ሥዕል ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ወረቀቱ ከደብተር መሃል የተገነጠለ ነው፤ ሽቦው የበሳው ቀዳዳ መሃሉ ላይ ይታያል። ዙሪያው በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይከበባል። አደይ አበባ፣ ክንፉ ከቁመቱ የሚበልጥ መልአክ፣ ዓይንና ቅንድብ ያላት ፀሐይ። ብልጡ በካርቦን አሥር ያባዛና ቀለም መቀባት ብቻ ይቀረዋል። ከታች «እንኳን ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ በሰላም አሸጋገረዎ» ተብሎ ይጻፋል፤ ወንጌላውያኑ አራት ናቸውና በየዓመቱ ስሙ ይቀየራል። ተቀባዩም ሥዕሉን ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል። ዛሬ የታተመ ፖስት ካርድ አለ፣ በስልክ የሚላክ አበባም አለ፤ አንዱን አበባ ለመቶ ሰው መላክ ይቻላል፤ ለመቶ ሰው ስለተላከም መልስ የሚሰጥ የለም።

የልጆቹ ሥዕል ግን እንደዚያ አይታለፍም። አንዱ ልጅ ካምና የተረፈውን ሥዕል ይዞ የሰፈሩን አሮጊት በር አንኳኳ ይባላል። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ ይላል። ማርቆስ እኮ ትናንት ሸኘነው ልጄ! ዘንድሮ ማን ነው?»

«ሉቃስ፣ እማማ።»

«በል አስተካክል፤ ከዚያ ብሯን ትወስዳለህ።»

«እርሳሴን ቤት ረስቼዋለሁ።»

«ሂድና አምጣ! እጠብቅሃለሁ።»