ሰይፍ የሌለው ዳኛ



እዚህ ዓይናለም ከመግሪብ በኋላ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ወሬያችን ብዙ ጊዜ ከስልክ ላይ ይጀምራል። በቀደም አንዱ ወንድማችን የአሜሪካ ፍርድ ቤት የፕሬዝዳንቱን ትእዛዝ አገደ የሚል ዜና አነበበልን። ሌላው ሳቀና፣ "አንድ ዳኛ ፕሬዝዳንት ያግዳል? ጦሩስ በማን እጅ ነው?" አለ። በቦታው አጥጋቢ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። እውነትም ዳኛ ጦር የለውም፤ ገንዘብም የለውም። ታዲያ ለምን ይታዘዙታል? ባይታዘዙትስ ምን ይመጣል?

በመጀመሪያ ከአሜሪካ እንነሳ። ጥር 27 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ፕሬዝዳንት ትራምፕ የ7 አገሮች ዜጎች አሜሪካ እንዳይገቡ አዘዙ። አገሮቹ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ሊቢያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ሶሪያና የመን ነበሩ፤ ሁሉም ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ቪዛ ይዘው አውሮፕላን ላይ የነበሩ ሰዎች ሲያርፉ ተያዙ። በማግስቱ ማታ አን ዶነሊ የተባሉ የብሩክሊን ዳኛ የተያዙት ሰዎች እንዳይባረሩ አገዱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በሲያትል ዳኛ ጄምስ ሮባርት ትእዛዙ በመላ አገሪቱ እንዲቆም አደረጉ። ሮባርትን የሾሟቸው የትራምፕ ፓርቲ ሰው የሆኑት ጆርጅ ቡሽ ነበሩ። ትራምፕ ዳኛውን በአደባባይ ዘለፏቸው። ነገር ግን በማግስቱ የአየር ማረፊያ ሠራተኞች በሩን ከፈቱ፤ መንገደኞችም ገቡ። መንግሥት እየተሳደበም ቢሆን ታዘዘ፤ ከዚያም ይግባኝ ጠየቀ።

መጨረሻውንም መደበቅ የለብንም። ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ከተጻፈ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 26 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሦስተኛውን ቅጂ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ወገኖቻችን በመጨረሻ ተሸነፉ። ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ለተበዳይ ይፈርዳል ማለት አይደለም።

አሜሪካም ብትሆን መታዘዝን ከእናቷ ማኅፀን ይዛ አልተወለደችም። በ1832 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሕግ በቼሮኪ ሕዝብ መሬት ላይ አይሠራም ብሎ ፈርዶ ነበር። ጆርጂያ ፍርዱን ችላ አለች፤ ፕሬዝዳንት ጃክሰንም ሊያስከብሩት አልፈለጉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቼሮኪዎች በወታደር ተነድተው ከአገራቸው ወጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም በመንገድ ላይ አለቁ። ፍርዱ ግን ዛሬም ድረስ በመዝገብ ላይ አለ። ያ ሕዝብ የረታበትን ወረቀት እንደያዘ ተሰደደ።

አሌክሳንደር ሃሚልተን የተባለው የአሜሪካ መሪ በ1788 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ሰይፍም ሆነ ቦርሳ በእጁ እንደሌለ ጽፎ ነበር። የእኛ አባቶች ይህንን ሳያነቡ ያውቁት ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ፖሊስ የለ፣ ጠመንጃ የለ፤ ቃሉ ብቻ ያቆመዋል። ተረቱም "ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ" ይላል። ሰውዬው በቅሎውን አጥቶም ቢሆን ፍርድን የመረጠው፣ ፍርድ ከጠፋ ጭብጦው እንኳ እንደማይተርፈው ስለገባው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) በ1993 ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው የቀረበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበር። ዳኛዋ ሕጉን አይተው ዋስትና ፈቀዱ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ እንደገና ተያዙ። ወዲያውም ፓርላማው አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት እንዳይኖረው ተደረገ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የዋስትና መብትን ሰጥቶ፣ በልዩ ሁኔታ ዋስትና የመከልከሉን ሥልጣን የተወው ለፍርድ ቤት ነበር። አዲሱ አዋጅ ያንን ሚዛን ከዳኛዋ እጅ ነጠቀ። አቶ ስዬ 6 ዓመት ያህል ታሰሩ። ዳኛዋም በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው ሁለት ጊዜ ወህኒ ወረዱ።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው "እርስ በርሳቸው ይባሉ፤ እኛን ምን አገባን?" ብሎ አለፈው። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ለአንድ ሰው ተብሎ የተጠረገ መንገድ ለሌላውም ያገለግላል። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ በሽብር የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ በእስር እንዲቆይ ደነገገ። ሐምሌ 2004 የሙስሊሙን ጥያቄ ይዘው የወጡት የኮሚቴ አባላት ሲታሰሩ የጠበቃቸው ይኸው ሕግ ነበር። ሐምሌ 2007 እነ አቡበከር አሕመድና አሕመዲን ጀበል ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የፍርድ ዘመናቸው ሳያልቅ የወጡትም ፖለቲካው ሲለሳለስ፣ በይቅርታና በምሕረት እንጂ ዳኛ ነፃ ናችሁ ብሏቸው አይደለም። ፖለቲካ የቆለፈውን ፖለቲካ ከፈተው። ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ቁልፉ በማን እጅ እንደቀረ ልብ ማለት ነበረብን።

ሦስተኛው ታሪክ የእኛው የመቀሌ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት አገራዊ ምርጫው ሲራዘም "የመንግሥት የሥልጣን ዘመን ካለቀ በኋላ ማን ይገዛል?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። በአሜሪካ ቢሆን እንዲህ ያለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችል ነበር። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 ግን ትርጉም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አባላቱ ዳኞች ሳይሆኑ የክልል ፖለቲከኞች ናቸው። አፈ ጉባኤዋ ወ/ሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሂደቱን ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ። በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 3፣ ምክር ቤቱ ማራዘሙን አጸደቀ። ትግራይ ውሳኔውን ሳትቀበል ጳጉሜን 4 የራሷን ምርጫ አካሄደች። ፌዴራሉ ምርጫውን እንዳልተካሄደ ቆጠረው። ያን ጊዜ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት እነዚያው ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው።

ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አንፈርድም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው፦ ሁለቱም ወገኖች ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሱ ነበር፣ ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ ግን አልነበረም። የጦርነቱ መነሻ ይህ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን "በሕግ አምላክ" ሲባል እጁን የሚሰበስብ ሰው በጠፋበት አገር ቀጥሎ የሚናገረው ጠመንጃ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ማታ ጀመረ። የሆነውን እዚህ ዓይናለም ለምንኖር ሰዎች መንገር አያስፈልግም።

ከጦርነቱ በኋላስ? በ2017 የትምህርት ዘመን በአክሱም ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ እህቶቻችን እንዳይገቡ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን አስታወቀ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ እንዲገቡ ቢጽፍም ደብዳቤው በሩን አልከፈተም። ጥር 13 ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሙስሊም እዚህ መቀሌ ሰልፍ ወጣ። ጉዳዩ ወደ አክሱም ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ። ሰይፍም ቦርሳም የሌለው ዳኛ "በሕግ አምላክ" አለ ማለት ነው። የእገዳ ትእዛዝ ግን ወረቀት ነው። በሩን የሚከፍተው ርዕሰ መምህሩ፣ ዘበኛው፣ የከተማው ሹም ነው። የሲያትሉ ዳኛ ትእዛዝ ሥጋ የለበሰው የማይታወቁ የአየር ማረፊያ ሠራተኞች ስለታዘዙት ነበር። የጆርጂያው ፍርድ ወረቀት ሆኖ የቀረውም የሚታዘዘው ሰው ስላጣ ነው።

ስለዚህ ለወንድማችን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ዳኛን የሚያስከብረው የተሸናፊው መታዘዝ ነው። ይህ ደግሞ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከእኛም ይጀምራል። በቤት ኪራይ፣ በውርስ፣ በንግድ ክርክር ስንረታ ፍርዱን እንቀበላለን ወይስ ዘመድ ፍለጋ እንሮጣለን? የማንወደው ሰው ዋስትና ሲነፈግ እንጮኻለን ወይስ "ይበለው" እንላለን? ነገ ቢሮ ውስጥ ስንቀመጥ፣ የማይጥመን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ እንፈጽመዋለን ወይስ መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን?

በቅሏችንን በፍርድ ማጣት ያማል። ጭብጧችንን ያለ ፍርድ ስናጣ ምን እንደሚመጣ ግን እኛ የዚህ ከተማ ልጆች አይተነዋል። አላህ አገራችንን ፍትሕ የሚከበርባት ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም።