ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ስለ አገሩ ሲጠየቅ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ባሕር ማዶ በተሻገረ ጊዜ ከሻንጣው ይልቅ የሚፈተሸው አንደበቱ ነው። «ከወዴት መጣህ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ለሰላምታ ያህል የሚቀርብ ነው፤ ሁለተኛው ግን «መንግሥታችሁ እንዴት ነው? ስለ እናንተ የሚወራውስ እውነት ነውን?» የሚል ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ሳያስበው የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ይገኛል። መልእክተኛ ተብሎ የተሾመ ሰው የሚናገረው ቃል ከመሄዱ በፊት ተመክሮበት ይሰጠዋል፤ ተራ መንገደኛ ግን የሚመክርለት የለም።

እኔም በ2021 ለሥራ ትምህርት ወደ አውሮፓ ተልኬ ሳለሁ፥ በባቡር ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ጠየቁኝ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት የነበረበት ወራት ነው። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ «ሁሉም ደኅና ነው» አልኋቸው። ሽማግሌው በእጃቸው ወደ ነበረው ጋዜጣ አንድ ጊዜ ተመለከቱና አጥፈው በጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ የተነጋገርነው ስለ ብርዱ ብቻ ነው። ጋዜጣው ስለ አገሬ ይናገር እንደ ነበረ የገባኝ፥ እርሳቸው ወንበሩ ላይ ትተውት ሲወርዱ አንሥቼ ባየሁት ጊዜ ነው። ዋሸሁ ለማለት አልደፍርም፤ እውነት ተናገርሁ ለማለት ግን ፈጽሞ አይቻለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቶቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ በደረሰባቸው ጊዜ ምን ብለው ይመልሱ ነበር የሚለው አሳብ ስላልለቀቀኝ፥ ከመጻሕፍት የለቀምሁትን እነሆ አቀርባለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1441 በኢየሩሳሌም የሚኖሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት አበ ምኔት ኒቆዲሞስ የላካቸው ሰዎች፥ በፍሎሬንስ ከተማ ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት በተሰበሰበው ጉባኤ ፊት ቀረቡ። የጉባኤው አባቶች ስለ ንጉሣቸው ሲጠይቋቸው «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» እያሉ ነበረ፤ ይህም ስም በአውሮፓ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲወራ የቈየ የተረት ስም ነው። መልእክተኞቹም ንጉሣቸው ዘርዐ ያዕቆብ እንደሚባል፥ ከስሞቹም ሁሉ መካከል ዮሐንስ የሚል እንደሌለ ለማስረዳት ደከሙ። ሰሚዎቹ ግን ያው የለመዱትን ስም ከመጥራት አልተመለሱም። እንግዳ ሰው ስለ አገራችን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታያል። ስሙን ማረም ያልቻለ መልእክተኛ፥ የአገሩን ነገር ለማረም እንዴት ይችላል?

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የካህኑ የጸጋ ዘአብ ታሪክ ነው። ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ የቈየው የሮድሪጎ ዴ ሊማ የፖርቱጋል መልእክት በ1526 ከምጽዋ በመርከብ ሲመለስ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብን መልእክተኛ አድርገው አብረው ሰደዱት። ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ከእርሱ ጋር ነበረ። በሚከተለው ዓመት ሊዝቦን ደረሱ። የተላከበት ጉዳይ ግልጽ ነበረ፤ ይኸውም በሁለቱ ክርስቲያን ነገሥታት መካከል ወዳጅነትን ማጽናትና የጥበብ ሥራ የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ነው። እንዲህ ላለው መልእክት ቢበዛ ሁለት ዓመት ይበቃው ነበረ። ጸጋ ዘአብ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ በፖርቱጋል ቀረ።

ነገሩ የተበላሸው በጥያቄ ነው። የፖርቱጋል የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ መልእክቱ በመጠየቅ ፈንታ፥ ቅዳሜን ስለ ማክበር፥ ስለ ግርዘትና ስለ መብል ልዩነት ይመረምሩት ጀመር። ይህ ጥያቄ በዚያ አገር በዚያ ዘመን እንዲያው የዕውቀት ጥያቄ አልነበረም። በ1497 በፖርቱጋል ያሉ አይሁድ ሁሉ በግድ ተጠምቀው ነበረና፥ ቅዳሜን የሚያከብርና የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በስውር አይሁዳዊ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በ1536ም ይህን የሚመረምር የሃይማኖት ፍርድ ቤት በአገሪቱ ተቋቋመ። እንግዲህ ጸጋ ዘአብ ስለ አባቶቹ ሥርዓት በቅን ልብ ሲመልስ፥ ሰሚዎቹ የሚሰሙት ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም፤ ስለ ራሳቸው ጎረቤቶች ነበረ። ፍጻሜውም ከቅዱስ ቍርባን መከልከል ሆነ። ከክርስቲያን ንጉሥ ወደ ክርስቲያን ንጉሥ የተላከ ካህን፥ በክርስቲያን አገር እንደ ውጉዝ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመ።

እዚህ ላይ አንባቢ ዘመኑን ያስተውል። በሊዝቦን ስለ ቅዳሜ በሚከራከሩበት በ1529 በሽምብራ ኵሬ የልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። በ1531 እጅግ የተዋበችው መካነ ሥላሴ ተቃጠለች። አገሪቱ ስትነድድ ሳለ መልእክተኛዋ ስለ መብል ይጠየቅ ነበረ።

ጸጋ ዘአብ ዝም አላለም፤ ነገር ግን አልተሳደበምም። በ1533 ዳሚያው ዴ ጎይስ የሚባል የተማረና ብዙ አገር የዞረ ፖርቱጋላዊ አገኘው። ይህ ሰው ጥያቄውን ያቀረበው ለመክሰስ ሳይሆን ለማወቅ ስለ ነበረ፥ ጸጋ ዘአብ የአገሩን እምነትና ልማድ አንድ በአንድ ጻፈለት። ጽሑፉ በ1534 ተፈጸመ። በእርሱም ውስጥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ይተርካል፤ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ እንዳልሆነ ያስረዳል፤ ከቍርባን መከልከሉንም በኀዘን ያነሣል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ለሌሎችም መናገሩ ነው፤ ግሪክም ሆነ አርመን ወይም ኢትዮጵያዊ፥ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቁ ሁሉ ስለ ሥርዓት ልዩነት ሳይነቃቀፉ በፍቅር ሊኖሩ ይገባል ይላል። ይህ አሳብ በአውሮፓ ሰዎች ስለ ሃይማኖት ልዩነት በሚቃጠሉበት ዘመን የተጻፈ መሆኑን እናስብ።

ከአገሩ ሰዎች መካከልም ያዘነለት አልነበረም ይመስላል። ዮሐንስ ቤርሙዴዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ከኢትዮጵያ ተልኮ ሊዝቦን በደረሰ ጊዜ፥ በመዘግየቱ ምክንያት ጸጋ ዘአብን እንዲያስር ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ይዞ እንደ መጣ ራሱ ጽፎአል። የቤርሙዴዝ ቃል በብዙ ነገር የማይታመን ስለ ሆነ እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ነገሩ እውነት ከሆነ ግን፥ ምስኪኑ ካህን በባዕዳን ዘንድ ስለ ኢትዮጵያዊነቱ ሲነቀፍ፥ በገዛ አገሩም ስለ መዘግየቱ ተከሰሰ ማለት ነው።

ጎይስ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን ከተማ አሳተመው። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ተወደደና ደጋግሞ ታተመ። በፖርቱጋል ግን በ1541 የሃይማኖቱ መርማሪ ካርዲናል ኤንሪኬ መጽሐፉ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ። ጸጋ ዘአብ ይህን አልሰማም። ወደ አገሩ ለመመለስ ተሳፍሮ ሳለ በሕንድ አገር በኮቺን ሞቶአል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ጥያቄና ሌላ ሰው እናገኛለን። አባ ጎርጎርዮስ የዚያችው የተቃጠለችው የመካነ ሥላሴ አገር ልጅ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊኮች ወገን ቆሞ ነበረ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ ሲመልሱ፥ በኋላም ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ፥ ወገኑ ተሸነፈና በስደት ወጣ። ብዙ ተንከራቶ ሮማ ገባና በቫቲካን አጠገብ በሚገኘው በኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ በዚያ ሊጠይቀው መጣ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ የተማረ ስለ ነበረ አነባበቡን አያውቅም፤ ሁለቱን ያገናኛቸውም ቋንቋ ያው ግዕዝ ነበረ። በአገራችን ለጸሎት ብቻ የቀረ ቋንቋ በሮማ ለጭውውት መዋሉ ፈገግ ያሰኛል።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግቢው አስጠራው፤ እርሱም የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ጀርመን ገባ። በጎታ ስለ አገዛዙ፥ ስለ አውራጃዎቹ፥ ስለ አራዊቱና ስለ ዕፀዋቱ፥ ይልቁንም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጠየቁት፤ የመለሰውንም ጻፉ። አሁን የሰውዬውን ጭንቅ እናስብ። መስፍኑ የሉተር ተከታይ ነው፤ ኢየሱሳውያን በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ወደቁ መስማት ደስ ያሰኘዋል። እንግዳው ደግሞ የወደቀው ከእነርሱ ጋር ነው፤ ካሳደደው መንግሥት ጋር ቂም ቢይዝ የሚፈርድበት የለም። ስለዚህ በአንድ በኩል አስተናጋጁን ደስ ለማሰኘት ወዳጆቹን ማማት፥ በሌላ በኩል ቂሙን ለመወጣት አገሩን ማማት ይቻለው ነበረ። ሁለቱም ቀላል መንገድ ነው። ስደተኛ በእንግዳ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አገሩን ሲያማ የሚያጨበጭብለት አያጣም።

ከእርሱ በሰማው ላይ ተመሥርቶ ሉዶልፍ በ1681 በፍራንክፈርት ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ግን የምናየው ይህን አይደለም። ኢየሱሳውያን በችኰላና በግድ ሥራቸውን እንዳበላሹ ተጽፎአል፤ ሆኖም አገሪቱ የተገለጠችው ሕግና ነገሥታት፥ ቋንቋና መጻሕፍት ያሏት አገር ሆና ነው፤ ሕዝቧም አእምሮው ብሩህ ነው ተብሎ ተመስግኖአል። ይህ ሁሉ ከሉዶልፍ ቸርነት የመጣ አይመስለኝም። ጠያቂ የሚጽፈው የተነገረውን ነው፤ ተናጋሪውም በአገሩ የተሸነፈ ሰው ነበረ። የሉዶልፍ ሙያ ጥያቄውን ማብዛቱና መልሱን በትዕግሥት መጠበቁ ነው፤ የሊዝቦን ሊቃውንት ይህን አላወቁም ነበረ።

አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን የቈየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፥ ወደ ሮማ ከተመለሰም በኋላ ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ይጻጻፍ ነበረ። በ1658 ወደ አገሩ ለመመለስ በመርከብ ሲጓዝ በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሰጠመ። ሉዶልፍ በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያ ውስጥ የወዳጁን ሥዕል አስቀርጾ አገባ፤ በ1698ም ከእርሱ የተማረውን የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። እኛ ዛሬ የምንጽፍበት ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዋስው የታተመለት፥ አንድ ስደተኛ ለአንድ እንግዳ በትዕግሥት ስለ መለሰለት ነው።

በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ የሆነውን ብላቴን ጌታ ኅሩይ «ደስታና ክብር» በሚለው መጽሐፋቸው ስለ ጻፉት እዚህ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበረ፤ የባርነት ነገርም በአውሮፓ ዋና መነጋገሪያ ነበረ። ጥያቄው ለመንቀፍ ያህል የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ቢሆንም፥ ነገሩ ሐሰት አልነበረም። በዚያው በ1924 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ መታወጁ፥ ከእንግዳ ለሚመጣ እውነተኛ ጥያቄ በቃል ብቻ መመለስ እንደማይበቃ የተረዱ ሰዎች እንደ ነበሩ ያሳያል።

መላኩ በያን ግን ሥራው ሁሉ መጠየቅና መመለስ ነበረ። በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ተምሮ በ1935 ተመረቀ፤ ጠላት አገራችንን ከያዘ በኋላ በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ መልሰው ላኩት። በሐርለም ጥቁር አሜሪካውያን በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ ተሰብስበው ይሰሙት ነበረ። ጥያቄያቸውም የሚያሳፍር ጥያቄ ነው፤ «ኢትዮጵያውያን እኛን እንደ ወገን አይቈጥሩንም፥ ጥቁርም አይደለንም ይላሉ የሚባለው እውነት ነውን?» ይሉታል። ይህን ወሬ የጠላት ፕሮፓጋንዳ አሠራጭቶታል፤ ነገር ግን ከእኛም ወገን ለወሬው ምክንያት የሰጡ ሰዎች አልጠፉም። መላኩ በክርክር አልመለሰውም። ሚስቱ አሜሪካዊት ጥቁር ሴት ነበረች፤ ኑሮውም ከእነርሱ መካከል ነበረ። በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እንዲቋቋም አደረገ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚባል ጋዜጣም አወጣ። ከድኻ ሠራተኞች የተሰበሰበ ሳንቲም ለስደተኞቻችን ርዳታ ይላክ ነበረ።

በግንቦት 1940፥ ገና ዐርባ ዓመት ያህል ሲሆነው፥ በኒው ዮርክ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር ነው።