አየር ማቀዝቀዣው ለሁለት ሲከፈል

ዛሬ በየግድግዳው የምናየው ኤሲ መቼ ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ አንድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ጃፓን ውስጥ፣ በቶሺባ። ዓመቱን አልጠራጠርም፤ ምስክሩ ግን ኩባንያው ራሱ ነው። እሱም ቢሆን የሚለው በአገሩ ቀደምኩ ነው፤ የዓለም ቀዳሚ ያደረጉት በኋላ የጻፉት ናቸው።

ከዚያ በፊት ኮምፕረሰሩም ማራገቢያውም አንድ ሣጥን ውስጥ ታጭቀው መስኮት ላይ ይገጠሙ ስለነበር ቅዝቃዜው ከነጩኸቱ ይገባ ነበር። ቶሺባ ጩኸታሙን ክፍል ወደ ውጭ አወጣው። ሁለቱን ያገናኘው ግድግዳ በስቶ የሚያልፍ ጥንድ የመዳብ ቱቦ ነው፤ በቀጭኑ ፈሳሽ፣ በወፍራሙ ጋዝ ይመላለሳል። የቤት ውስጡ ክፍል ግን በአብዛኛው ገና ወለል ላይ የሚቆም ነበር።

ግድግዳ ላይ ያወጣው የማራገቢያው ቅርጽ ነው። ሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ በ1968 ዙሪያውን በቀጫጭን ምላጮች የታጠረ ረጅም ሲሊንደር ገጠመለት። አየሩን በአንድ ጎን ስቦ በሌላው ስለሚተፋ መሣሪያው ስስ መሆን ቻለ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ፖል ሞርቲዬ በ1893 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አውጥቶበታል።

በእኔ ግምት ትልቁ እርምጃ ግን ሦስተኛው ነው። የጃፓን መብራት ድግግሞሹ በምሥራቅ 50፣ በምዕራብ 60 ኸርዝ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ጄኔሬተር ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ በማስመጣታቸው የመጣ ጣጣ። የድሮው ኮምፕረሰር ፍጥነቱ በዚሁ ስለሚወሰን አንዱ ሞዴል በሁለቱ ከተሞች እኩል አያቀዘቅዝም ነበር። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፤ ሲሞቅ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል። ከ1973ቱና ከ1979ኙ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ይህን ብክነት ችላ ማለት አልተቻለም። ቶሺባ በ1980 ለንግድ ቤቶች፣ በ1981 ለመኖሪያ ቤቶች ኢንቨርተር ያለው ኤሲ አወጣ። ኢንቨርተሩ የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጥና በሚፈለገው ድግግሞሽ መልሶ ተለዋዋጭ ያደርገዋል፤ ኮምፕረሰሩም እንደ አስፈላጊነቱ ይፈጥናል፣ ይዘገያል።

ጥቅሙ በብርድ ወራት ጎላ። የጋዙን አቅጣጫ ቀልብሰው ሙቀት ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገቡ ሞዴሎች ቀድሞም ነበሩ፤ ደጁ ሲበርድ ግን ይደክማሉ። ከኬሮሲን ምድጃ ጋር መፎካከር የቻለው በብርድ ጊዜ ፍጥነቱን የሚጨምረው ኮምፕረሰር ነው።