ወንዙ የቀነሰው በማን ነው? የፔኮስ ወንዝ ሙግት

ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ቦይ ያጠጣሉ እንበል። ታች ያለው «ውሃዬን ወሰደብኝ» ይላል። ላይ ያለው ደግሞ «እኔ ምን ላድርግ? ዝናቡ ነው የጠፋው» ይላል። እናንተ ዳኛ ብትሆኑ እውነቱን በምን ትለያላችሁ?

ይሄ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ግዛቶችን ለዓመታት አሟግቷል። የፔኮስ ወንዝ ከኒው ሜክሲኮ ተራሮች ተነስቶ ወደ ቴክሳስ ይወርዳል። አገሩ ደረቅ ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሮዝዌል ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው እርሻቸውን ያጠጣሉ። ያ የከርሰ ምድር ውሃ ባይሳብ ኖሮ ከፊሉ ወደ ወንዙ ይገባ ነበር። ስለዚህ ከወንዙ ማንም በቀጥታ ሳይቀዳ ወንዙ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለቱ ግዛቶች ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ «ለቴክሳስ በዓመት ይህን ያህል ይሰጥ» አይልም። ኒው ሜክሲኮ በሰው ሥራ ምክንያት፣ ድንበር ላይ የሚደርሰውን ውሃ በ1947 በነበረው ሁኔታ ቴክሳስ ታገኝ ከነበረው በታች እንዳታወርድ ነው የሚለው። «በሰው ሥራ» የምትለዋን ልብ በሉ። ድርቅ ያጎደለው ውሃ አይቆጠርም።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይለያሉ? ዘዴው ገቢና ወጪን ማነጻጸር ነው። ላይኛው መለኪያ ጣቢያ ያለፈውን ውሃ፣ መንገድ ላይ በጎርፍ ከገባው ጋር ትደምራላችሁ፤ ይህ ገቢ ነው። ድንበር ላይ የደረሰው ደግሞ ወጪ ነው። የድሮዎቹን ዓመታት ግራፍ ላይ ብታስቀምጧቸው «ይህን ያህል ሲገባ ያን ያህል ይወጣል» የሚል መስመር ይወጣችኋል። ድርቅ ሲመጣ ገቢውም ወጪውም አብረው ስለሚቀንሱ ነጥቡ ከመስመሩ ብዙም አይርቅም። ገቢው እንደ ድሮው ሆኖ ወጪው ካነሰ ግን መሃል ላይ ውሃውን የሚበላ ነገር አለ።

መስመሩ ራሱ ቢሳሳትስ? ፔኮስ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ቴክሳስ በ1974 ኒው ሜክሲኮን በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስትከስ፣ ከ1950 እስከ 1972 ባለው ጊዜ ከ1,200,000 ኤከር-ጫማ በላይ ጎድሎብኛል አለች። አንድ ኤከር-ጫማ 1,233 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ወደ 1.48 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። ነገር ግን ለስምምነቱ መነሻ የሆነው ጥናት ስህተት ነበረበት፤ ድንበር ላይ ይደርሳል ያለው ውሃ ከእውነተኛው ይበዛ ነበር። ሒሳቡ እንደገና ተሠራ። በ1987 ፍርድ ቤቱ የተቀበለው ጉድለት፣ ከ1950 እስከ 1983 ተደምሮ 340,100 ኤከር-ጫማ ነው፤ 420 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ። የሚቆጠሩት ዓመታት ጨመሩ፣ ጉድለቱ ግን ከአንድ ሦስተኛ በታች ሆነ! ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ የተለወጠው የሚነጻጸርበት መነሻ ነው።

ኒው ሜክሲኮም ነጻ አልወጣችም። ጉድለቱ ቢያንስም እውነተኛ ስለነበር 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ፍርድ ቤቱ የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም በየዓመቱ ገቢና ወጪውን ያሰላል።

እንግዲህ የቀነሰ ወንዝ ግራፍ ካያችሁና «ጎረቤት ነው የወሰደው» ከተባላችሁ፣ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከላይ ስንት ገባ? የሚነጻጸረውስ ከየትኛው ዓመት ጋር ነው? እነዚህ ሳይመለሱ መፍረድ አይቻልም።