ከውጅግራ እስከ ክላሽ፦ ጥይቱ ለመሣሪያው ካልተሠራ

ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ዝንጀሮና ከርከሮ ማሳውን እንዴት እንደሚያምሱት ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ቤት የተቀመጠው መሣሪያ ይወጣል፤ «ያገኘኸውን ጥይት አጉርስና ተኩስ» የሚል ምክርም አይጠፋም። ይህ ምክር አደገኛ የሆነበትን ምክንያት የአገራችን የመሣሪያ ታሪክ ያሳያል።

«ውጅግራ» የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተተኩሶበታል። ከዚያ በኋላ የምኒልክ ጦር እስከ ቱርካና ሐይቅ ሲወርድ፣ ከወታደሩና ከዝሆን አዳኙ ጋር እንዲህ ያለው መሣሪያ ወደ ኦሞ አገርም ገባ። ጥይት ውድ ስለነበር ቀለሁ አይጣልም፤ እንደገና ባሩድ ይሞላ ነበር።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለውን ጠመንጃ ስታወጣ ባሩዱ ጭስ አልባ ሆነ። ጭስ አልባው ባሩድ ትንሹ ብዙ ግፊት ይፈጥራል። በጥቁር ባሩድ ልክ ውጅግራ ቀለህ ውስጥ ከተሞላ፣ አሮጌው ብረት አይችለውም፤ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ጋር ክላሽ በብዛት ገባ። የአያት ጠመንጃና የልጅ ክላሽ አንድ ጎጆ ውስጥ አደሩ። ጥይትም እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ታዲያ የትኛው ጥይት የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ በምን ይለያል?

በሽጉጥም ያው ነው። ከበሮው የሚሽከረከር ሽጉጥ ሲተኮስ፣ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ትኩስ ጋዝ ወደ ጎን ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሲተኮስ እጅ ላይ እንዳይዘል ተብሎ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አለው። በዚህኛው ላይ ለእባብ ተብሎ የሚሠራውን፣ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ የታጨቀበትን ጥይት ብትተኩሱ፣ ፍሬው ወይም የፕላስቲክ ሽፋኑ ስብርባሪ በቀዳዳው ሊወጣ ይችላል። ከላይ ያለው የእናንተ ዓይን ነው፤ ከጎን የቆመውም አይድንም።

ስለዚህ፦
• ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለው ምልክት ከመሣሪያው ጋር ካልተስማማ አትተኩሱ። «ገብቶለታል» ማለት «ይስማማዋል» ማለት አይደለም።
• የዛገ፣ የተሰነጠቀ ወይም ማን እንደሞላው የማይታወቅ ጥይት ለፖሊስ አስረክቡ።
• መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል።
• ለዝንጀሮ የማሳ ዳር ቁጥቋጦ መመንጠርና ከጎረቤት ጋር በተራ መጠበቅ ይሻላል።

ማሽላው ለሚቀጥለው ክረምትም ይዘራል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይተካም።