የፍሳሽ ጋዝ (ሃይድሮጅን ሰልፋይድ)፦ ጠረኑ፣ ጉዳቱና መከላከያው

በአጭሩ
• የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው የፍሳሽ ጠረን በዋናነት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሚባል ጋዝ ይመጣል።
• ቤት ውስጥ የሚሸተው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ አያልፍም። በሽንት ቤት ጉድጓድና በማንሆል ውስጥ ግን ጋዙ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል።
• ጠረኑ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።
• ጉድጓድ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ለማውጣት ተከትለው አይግቡ።

ጋዙ ከየት ይመጣል?
ፍሳሽ በቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ ወይም በጉድጓድ ሲጠራቀም ኦክስጅን ያልቅበታል። በዚህ ጊዜ በቱቦው ግድግዳ ላይ በሚፈጠረው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በፍሳሹ ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል። ፍሳሹ ሲናጥ፣ ከከፍታ ሲወድቅ ወይም አሲድ ሲቀላቀልበት ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ሙቀት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ይጠራቀማል።

አፍንጫዎን ለምን አይመኑት?
አፍንጫችን ይህን ጋዝ በጣም በትንሽ መጠን፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 1 እጅ እንኳ ሳይሞላ ያሸተዋል። ስለዚህ መጥፎ ጠረን ሸተተኝ ማለት ተመረዝኩ ማለት አይደለም። መጠኑ ሲጨምር ዓይንና ጉሮሮ ይቃጠላሉ፤ ሳል፣ ራስ ምታትና ማዞር ይከተላሉ። ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን ጋዙ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ጠረኑ የጠፋ ይመስላል፤ ሰውየውም «አሁን ተናፍሷል» ብሎ ይገባል። ከ500 እጅ በላይ ሲሆን በደቂቃዎች ራስን ያስታል፤ ወደ 1000 ሲጠጋ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሊበቃው ይችላል። ጋዙ ሴሎች ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ፣ መጀመሪያ የሚጎዱት አንጎልና ልብ ናቸው።

ከተሞች ጠረኑን ለምን ይቆጣጠራሉ?
ይኸው ጋዝ ኮንክሪትም ይበላል። ወደ ቱቦው ጣሪያ ወጥቶ እርጥበቱ ላይ ሲያርፍ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከኦክስጅን ጋር አዋህደው ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ሲሚንቶውን አለስልሶ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ፓርከር የተባለ ተመራማሪ ከተበላ የፍሳሽ ቱቦ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ማውጣቱን አሳውቋል። ቱቦ ሲፈርስ መንገድ ሊሰምጥ፣ ፍሳሽም አፈሩን አልፎ ወደ መጠጥ ውኃ መስመር ሊገባ ይችላል። ኮሌራና ታይፎይድን የመሳሰሉ በሽታዎች የሚተላለፉት በተበከለ ውኃና ምግብ እንጂ በጠረን አይደለም። ጠረኑ የሚነግረን ቱቦው ውስጥ ችግር መኖሩን ነው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ዋና ዋና መንገዶች፦
• ፍሳሹ እንዳይቆም ለቱቦው በቂ ተዳፋት መስጠትና ደለሉን በየጊዜው መጥረግ
• ኦክስጅን ወይም ናይትሬት በመጨመር የሰልፋይድን መፈጠር መግታት
• የብረት ጨው በመጨመር የተፈጠረውን ሰልፋይድ ማሰር
• ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ በመጨመር የፍሳሹን አሲድነት መቀነስ
• አየሩን ስቦ በማጣሪያ ማሳለፍ
• አሲድ የማይበላው የፕላስቲክ ቱቦ መዘርጋት ወይም ኮንክሪቱን ከውስጥ መሸፈን
የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ብዙ ሰልፋይድ ስላለው፣ ሳይታከም ወደ መስመሩ ሲለቀቅ ይህ ሁሉ ልፋት ይበላሻል።

ቤት ውስጥ ሲሸትዎ ምን ያድርጉ?
• መስኮት ይክፈቱ። ክብሪትና ሻማ አይለኩሱ፤ ከፍሳሽ የሚወጣው አየር የሚቀጣጠል ሜቴንም ሊኖረው ይችላል።
• ከመታጠቢያው ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ (ሲፎን) ውስጥ የሚቆመው ውኃ ጋዙ ወደ ቤት እንዳይመለስ ያግደዋል። ለሳምንታት ያልተጠቀሙበት ከሆነ ውኃው ይደርቃል። በእያንዳንዱ ማፍሰሻና በወለሉ ጉድጓድ ላይ ውኃ ያፍስሱ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።
• ጠረኑ ከቀጠለ የቧንቧ ሠራተኛ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የተዘጋ የአየር ማስወጫ ካለ ይፈትሽ።
• የተዘጋ ቱቦ ለመክፈት አሲድ አያፍስሱ፤ በቱቦው ውስጥ ያለውን ሰልፋይድ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።
• ዘይትና ጨርቅ ወደ ቱቦ አይጣሉ፤ የማንሆል ክዳንም አይክፈቱ።
• አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ ጠረኑ እስኪወገድ ሌላ ክፍል ይደር።

የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲጸዳ
ጉድጓዱን በመምጠጫ መኪና ያስመጥጡ እንጂ ሰው አያስገቡበት። ሻማ አውርዶ መፈተሽ አያድንም፤ ሻማው እየበራ እንኳ ገዳይ መጠን ያለው ጋዝ ሊኖር ይችላል፣ ሜቴን ካለም ይፈነዳል። ሥራው ሰው ማስገባት ግድ ካለው፣ ጋዝ መለኪያ፣ የአየር መንፊያ፣ አየር የሚያቀርብ መተንፈሻ፣ የደኅንነት ገመድና ውጭ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋሉ። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያግድም።

አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ
ከሁሉ የሚከብደው ምክር ይህ ነው። ወንድምዎ ወይም ልጅዎ ከታች ወድቆ እያዩ መቆም አንጀት ይበላል። ነገር ግን እሱን የጣለው ጋዝ እርስዎንም በዚያው ቅጽበት ይጥልዎታል፤ አንድ ሊሞት የነበረበት ቤት ሁለትና ሦስት የሚቀብረው በዚህ ነው።
1. አይግቡ፤ ሌላውንም ያስቁሙ።
2. በአዲስ አበባ ለእሳትና አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። ውጭ አገር ካሉ በአገሩ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ይጠቀሙ፤ በአሜሪካ 911 ነው። «ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ አለ» ብለው ይንገሩ።
3. ሰውየው አስቀድሞ በገመድ ታስሮ ከነበረ ከውጭ ሆነው ይጎትቱት።
4. ከወጣ በኋላ ወደ ንጹሕ አየር ያርቁት። የማይተነፍስ ከሆነ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫኑ።
ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አያጠጡት። ዋናው ሕክምና ኦክስጅን ነው፤ እሱም ሆስፒታል ይገኛል።

ሐኪም ጋር መቼ ይሂዱ?
ራስዎን ለአፍታም ቢስቱ፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ደረትዎን ቢያምዎ፣ ቢደናገሩ ወይም ዓይንዎ ማቃጠሉ ባይተው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። «ነቅቷል፣ ደኅና ነው» ብለው ታማሚውን ወደ ቤት አይመልሱት። ሳንባ ውስጥ ውኃ መቋጠር ከሰዓታት በኋላም ሊጀምር ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ለሐኪሙ የት እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደቆየና ጠረን እንደነበረ በግልጽ ይንገሩ።