ቀይ መብራትና እግረኛ፤ ከባቡር ሐዲድ እስከ ቆቃ አስፋልት

መግቢያ

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው ነባሩ አውራ ጎዳና በቆቃ ከተማ በኩል ያልፋል። ይህ ጎዳና ካይሮን ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንዲያገናኝ የታቀደው አህጉር አቋራጭ መንገድ አንድ ክፍል ነው። ከሞያሌና ከሐዋሳ የሚመጣ ጭነት፣ ከመቂና ከባቱ የሚነሣ አትክልት፣ የአበባ እርሻ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ሲሮጥበት ኖሯል። ተማሪው፣ ዓሣና ሽንኩርት ሻጩ፣ ባለጋሪውና እረኛውም ይህንኑ መንገድ በየቀኑ በእግራቸው ያቋርጡታል። አንድ አስፋልት ሁለት ዓይነት ሕይወት ተሸክሟል ማለት ነው።

አሽከርካሪዎች ቀይ መብራትን እየጣሱ በእግረኛ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በአብዛኛው የትራፊክ ፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። የሕክምና ባለሙያው ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘው ተጎጂው በቃሬዛ ላይ ሆኖ ከድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ሲደርስ ነው። ይሁን እንጂ «ቁም» የሚለው ቀይ ምልክት ከየት እንደ መጣና በመንገዶቻችን ላይ ምን እንደ ገጠመው ሲታይ፣ ጉዳዩ ከመነሻው የጤና ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም ይኸው ነው፤ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገዶች ፍጥነታቸውና ክብደታቸው በየዘመኑ እያደገ ሲሄድ፣ ለእግረኛው የቆመለት መከላከያ ግን በዚያው ልክ አላደገም።

የቀይ ምልክት አመጣጥ

ቀይ ቀለም የመቆሚያ ምልክት የሆነው አውቶሞቢል ከመፈጠሩ በፊት በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 በለንደን ከፓርላማው ሕንፃ አጠገብ የቆመውን የመጀመሪያውን የመንገድ መብራት የነደፈው የባቡር መሐንዲስ ነበር። መብራቱ በጋዝ የሚሠራና በፖሊስ እጅ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ጥቂት ሳምንታት እንዳገለገለ ፈንድቶ ያንቀሳቅሰው የነበረውን ፖሊስ አቆሰለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መብራት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1896፣ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች ሴት በለንደን በመኪና ተገጭታ ሞተች፤ በብሪታንያ በሞተር መኪና ተገጭታ የሞተች የመጀመሪያዋ እግረኛ እርሷ ናት።

በእኛም አገር የታሪኩ ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነው። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ዳግማዊ ምኒልክ ፊት የቀረበው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ከመዲናይቱ ርቆ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም። አዳማና ሞጆ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደጉ ከተሞች በመሆናቸው፣ የአካባቢው ሕዝብ ከመኪና አስቀድሞ የለመደው የባቡሩን ፊሽካና የሐዲዱን ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባቡር ነጂ ቀይ ምልክት ቢጥስ የሚጋጨው እንደ እርሱ ከከበደ ሌላ ባቡር ጋር ስለሆነ አደጋው ለራሱም ይተርፋል። የመኪና አሽከርካሪ በከተማ መካከል ቀይ መብራት ጥሶ እግረኛ ሲገጭ ግን የሚሰበረው የእግረኛው አጥንት ነው። ምልክቱ ከሐዲድ ወደ ጎዳና ሲሸጋገር ቀለሙ አልተለወጠም፤ ምልክቱን የሚያስከብረው ፍርሃት ግን አብሮ አልተሸጋገረም። በዚህ ክፍተት ምትክ ሕግ፣ የመንገድ አሠራርና ልማድ መግባት ነበረባቸው።

መንገዱ እንዴት እንደ ከበደ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ለጦር ሠራዊታቸው ማጓጓዣ ብዙ መንገዶችን አነጠፉ። የመኪናን ክፍሎች የምንጠራባቸው ፍሬን፣ ጎማ፣ ኮፈን፣ ፓራብሬዛና ፓራውልት የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መምጣታቸው የዚያ ግንኙነት ቅሪት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና የመንገድ ሥራ መደበኛ የመንግሥት ተግባር ሆነ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተመርቆ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠት ሲጀምር፣ አካባቢው የኢንዱስትሪ፣ የመስኖና የዓሣ ሀብት ቀጠና ሆነ። ሥራ ፈላጊው ከየአቅጣጫው ተሰባሰበ፤ ሠፈሮችም ገበያቸውን ተከትለው ከመንገዱ ዳርና ዳር ዘረጉ።

እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ ተሽከርካሪ በኢትዮጵያ የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። በዚያች ዕለት ወደ ቀኝ ተዛወረ። ለአሽከርካሪው ይህ የአንድ ቀን ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ለእግረኛው ግን መንገድ ከማቋረጡ በፊት መጀመሪያ ወዴት መመልከት እንዳለበት የሚወስን የልማድ ለውጥ ነበር። በዚያው ጊዜ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የወጣው የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 279 የአሽከርካሪንና የእግረኛን ግዴታ በዝርዝር የደነገገ ሲሆን ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ዋና የትራፊክ ሕግ ሆኖ አገልግሏል።

ትልቁ የክብደት ለውጥ የመጣው ግን በኋላ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ የአሰብ ወደብ ተዘጋና የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል ወደ ጂቡቲ ዞረ። ነባሩ የምድር ባቡር አርጅቶ ስለ ነበር ጭነቱ በከባድ መኪና ትከሻ ላይ ወደቀ፤ መኪናዎቹም በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ አቋርጠው ወደ መሐል አገር ገቡ። በሞጆ ደረቅ ወደብ ሲቋቋም ከተማይቱ የኮንቴይነር መናኸሪያ ሆነች። በአዳማ ደግሞ ባጃጅ በየመንደሩ ገባ። ሕዝቡም አደጋውን በራሱ ቋንቋ መዘገበ፤ ለፈጣኑ የኢሱዙ የጭነት መኪና «አልቃይዳ»፣ ለሲኖትራክ ገልባጭ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አወጣ። ማኅበረሰብ ለአንድ መኪና የጅምላ ሞት ስም ሲሰጥ የሚያስተላልፈው መልእክት አለ፤ ጤና ባለሙያውም እንደ አንድ የአደጋ ጥቆማ ሊያየው ይገባል።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ ከእርሱም በኋላ ከሞጆ እስከ ባቱ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ለዚህ ችግር አንድ መልስ ይዘው መጥተዋል። መንገዱ ታጥሯል፤ እግረኛና ከብት አይገቡበትም። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደውም ከባድ መኪና ሌላ አማራጭ አግኝቷል። ሆኖም በረጅምና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የቆየ አሽከርካሪ ከመንገዱ ወጥቶ ከተማ ሲገባ ፍጥነቱን አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ አለው፤ ዐይኑና አእምሮው ገና ከፍጥነቱ አልወጡምና። በነባሩ አስፋልት ዳር የቀረው እግረኛም ያለ አጥር ነው የቀረው።

መብራቱ ሲጣስ

አንድ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በየሴኮንዱ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ደግሞ 22 ሜትር። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ብቻ ይህን ያህል ርቀት ሄዷል። በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጤናማ ሰው 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለማቋረጥ 12 ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋል፤ ምርኩዝ የያዘ አረጋዊ ወይም ልጅ ያዘለች እናት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ቢጫው ሲበራ ለማለፍ ነዳጅ የሚረግጥ አሽከርካሪና አረንጓዴውን አምኖ የሚነሣ እግረኛ በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ። መኪናው በዚያ ቅጽበት ከተለመደው ፍጥነቱም በላይ ነው።

የጉዳቱ ዓይነት ከመኪናው ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። የቤት መኪና አዋቂን ሲገጭ ፓራውልቱ ቅልጥምና ጉልበት ይመታል፤ የኮፈኑ ጠርዝ ጭንና ዳሌ ያገኛል፤ ሰውነቱ ተወርውሮ ጭንቅላቱ ከፓራብሬዛው ጋር ይላተማል። ሕፃን ሲሆን ቁመቱ አጭር በመሆኑ ጭን፣ ደረትና ሆድ፣ ጭንቅላትም አብረው ይጎዳሉ። የጭነት መኪና ፊቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ደረትንና ጭንቅላትን በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ተጎጂውን ወደ ላይ ከመወርወር ይልቅ ወደ ጎማው ሥር ይጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዘገባ መሠረት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ፍጥነት የተገጨ እግረኛ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ 90 በመቶ ሲሆን፣ በ45 ኪሎ ሜትር ከ50 በመቶ በታች ይወርዳል። በ15 ኪሎ ሜትር ልዩነት ውስጥ የማንም ቀዶ ሐኪም እጅ ሊመልሰው የማይችል ብዙ ሕይወት አለ።

ከአካል ጉዳቱ በተጨማሪ ብዙ የማይነገርለት ጉዳት አለ። ቀይ መብራት የሚጣስበት ከተማ እግረኛ መብራቱን ማመን ይተዋል። አረንጓዴ በርቶለትም ካልተጠበቀ፣ በማቋረጫው መሻገር ከሌላው ቦታ የተሻለ ጥቅም አይኖረውም፤ ስለዚህ ባመቸው ሥፍራ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ «ጥፋቱ የእግረኛው ነው» ማለት ይቀላል። የእግረኛው ሥርዓት አልባነት ተብሎ የሚወቀሰው ነገር ከፊሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ሕጉና መዝገቡ

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ በመጣስ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 የትራፊክ ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ መቀጫ ወስኗል፤ ከዚያም ወዲህ ተሻሽሏል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የትራፊክ አደጋ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መብት ሰጥቷል። ሆኖም እነዚህ ሕጎች በአመዛኙ የሚደርሱት አደጋው ካለፈ በኋላ ነው።

የችግሩን ስፋት ለማወቅም መዝገባችን ይበቃል ለማለት አያስደፍርም። ለ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በይፋ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሟቾች ቁጥር ወደ 4,350 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት የገመተው 27,000 ገደማ ነበር። ግምት ግምት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ልዩነት ሲኖር መንገድ ላይ ያልሞተው፣ ሆስፒታል ገብቶ ከቀናት በኋላ ያረፈው ሰው የት እንደ ተመዘገበ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሁሉ የመንገድ አደጋ ሟች ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ቆጠራ ሊያሟላ የሚችለው ሐኪም ቤቱ ብቻ ነው።

የሐኪሙ ድርሻ

ቀድሞ በኃይለማርያም ማሞ ስም ይጠራ የነበረው የአዳማ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያሉ ሆስፒታሎች በዚህ ጎዳና ዳር የተሰለፉ ናቸው። በታካሚው ካርድ ላይ «የመኪና አደጋ» ብሎ ማለፍ ልማድ ነው። ከዚያ ይልቅ ተጎጂው እግረኛ፣ ተሳፋሪ ወይም አሽከርካሪ መሆኑ፣ አደጋው የደረሰበት ሥፍራና ሰዓት፣ የመኪናው ዓይነት፣ በማቋረጫ ላይ ወይም መብራት ባለበት መስቀለኛ መንገድ መሆኑ ቢጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዓመት ውስጥ አንድ መስቀለኛ መንገድ ወይም አንድ የገበያ ደጃፍ በካርዶቹ ላይ እየተደጋገመ ከመጣ፣ ለከተማ አስተዳደርና ለመንገድ መሐንዲስ የሚቀርብ ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ከንቱ ምኞት አለመሆኑን የጋና ልምድ ያሳያል። ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሱሁም በተባለች መገናኛ ላይ በአስፋልቱ አግድም የተነጠፉ ድምፅ ሰጪ እብጠቶች እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2001 ባለው ጊዜ አደጋን በ35 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ55 በመቶ ቀንሰዋል። የሱሁም ሁኔታ ከቆቃ ጋር ይመሳሰላል፤ ከባድ ጭነት የሚያልፍበት ረጅም ጎዳና በትንሽ ከተማ መካከል ይገባል። የትራፊክ መብራት በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ብቻ በሚገኝበት አገር የቀይ መብራትን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የፍጥነት መግቻ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫ፣ የመንገድ መሐል ማረፊያ ደሴት፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚቆም ተቆጣጣሪ የዚያው ምልክት ሌሎች ገጾች ናቸው። መብራት ባለባቸው እንደ አዳማ ባሉ ከተሞች ደግሞ አረንጓዴው ለእግረኛ ከመብራቱ በፊት ሁሉም አቅጣጫ ለጥቂት ሴኮንዶች ቀይ እንዲሆን ማድረግ፣ ዘግይቶ የሚገባውን መኪና ከእግረኛው ይለየዋል።

ማጠቃለያ

የአዳማና የቆቃ መንገድ ታሪክ በየዘመኑ የተሻለ አስፋልት፣ የበለጠ ፈረስ ጉልበትና የከበደ ጭነት ሲጨምር የመጣ ታሪክ ነው። በዚያው መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ግን አያቱ በተራመዱበት ፍጥነት የሚራመድ፣ አጥንቱም ከእነርሱ አጥንት ያልጠነከረ ነው። ቀይ መብራት በእነዚህ ሁለቱ መካከል የቆመ የመከላከያ ሕክምና በመሆኑ፣ መጣሱን እንደ ቀላል የደንብ ጥፋት ማየት ክትባትን እንደ መናቅ ይቆጠራል። አበው «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ያሉት ለመንገደኛው ነበር፤ ዛሬ ቃሉ ለአሽከርካሪው ሊነገር ይገባዋል፤ እርሱ የሚያድናት ደቂቃ የምትከፈለው ከሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ነውና። የሕክምና ባለሙያውም በካርዱ ላይ የሚጽፋት አንዲት ተጨማሪ መስመር፣ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ማቋረጫ ላይ የሚወድቀውን ሰው ልታተርፍ ትችላለች።